ሁለት ጊዜ የዳነው ሕፃን

በዚህ እትም ልናቀርብላችሁ የመረጥነው የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን የሕይወት ታሪክ ነው። ሐኪም ወርቅነህ የትግራይ ተወላጅ አይደሉም፤ የተወለዱት ጎንደር ነው። ይሁን እንጂ ገና በሕፃንነታቸው ከአገር የተወሰዱበት መንገድ በእኛው በእንደርታ በኩል ያለፈ በመሆኑ፣ የመቀሌ ልጆች ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ታሪክ ልናየው አይገባም ብለን ተስማምተናል።

ስለ አንድ ሕፃን ከሞት መትረፍ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የምናስበው አንዱን ቀን ብቻ ነው። ትኩሳቱ የበረደበትን ቀን፣ ጥይቱ የሳተበትን ቀን፣ ከወደቀበት የተነሣበትን ቀን እናስባለን። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። ሕፃን ሁለት ጊዜ መዳን ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ ከወደቀበት የሚያነሣው ሰው ያሻዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ማን መሆኑን የሚያውቅ፣ ልጄ ብሎ የሚቀበለው ወገን ያሻዋል። ጽሑፋችንም ይህንኑ ለማሳየት ነው።

ሕፃኑ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ እሸቴ ወልደ ማርያም፣ እናቱ ደስታ ይባላሉ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ስለ ነበር፣ የእንግሊዝ መንግሥት በሰር ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ከሕንድ አገር በባሕር ላከ። ከወታደሩ ጋር ከባድ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ጭምር መጡ። ይህ ጦር በዙላ ወርዶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራትና በሕንጣሎ አድርጎ ወደ መቅደላ ወጣ። የሕፃኑ ወላጆችም በዚያ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን ሰፈር ተከትለው መቅደላ ደርሰው ነበር።

ውጊያው የሆነበት ሳምንት ለእኛ ለክርስቲያኖች የሚረሳ አይደለም። የእሮጌ ጦርነት የተደረገው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ ዓርብ ስቅለት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጠላት እጅ አልወድቅም ብለው ራሳቸውን የሠዉት በፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አምባው ተዘረፈ፤ ብዙ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተወሰዱ፤ በመጨረሻም መቅደላ በእሳት ተቃጠለች። በአምባው ላይ የነበረው ብዙ ሺህ ሕዝብ፣ ወታደሩም ሴቱም ሽማግሌውም፣ የያዘውን ይዞ ቁልቁለቱን እየወረደ ተበተነ።

በዚያ ትርምስ መካከል ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ሕፃን ያለ አባት፣ ያለ እናት፣ ብቻውን የተገኘው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ስሙን ይናገር እንደሆነ እንጂ አገሩን አይናገርም፤ ያለቅስ እንደሆነ እንጂ መንገድ አይጠይቅም። ቀኑ ሐሩር፣ ሌሊቱ ብርድ በሆነበት በዚያ ደጋ ላይ ማንም ሳያየው ቢያድር ኖሮ፣ ዛሬ ስሙን የምንጽፈው ሰው ባልኖረ ነበር። ያዩት የእንግሊዝ መኮንኖች ነበሩ። ቻምበርሌን የተባለው ኮሎኔል አንሥቶ ወሰደው። የመጀመሪያው መዳን ይህ ነው።

ጦሩ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። አሸንጌን አልፎ በግንቦት ወር እንደርታ ደረሰ። ከጦሩ ጋር የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤና የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም ይጓዙ ነበር። እቴጌይቱ በመንገድ ታመው በእኛው አገር በእንደርታ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም ከመቀሌ በስተደቡብ በምትገኘው በጨለቆት ሥላሴ ነው። ራስ ወልደ ሥላሴ ያሠሯትን ያቺን ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የምንሄድ ወጣቶች ብዙዎች ነን። እንግዲህ በ1860 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በዚያ መንገድ ሁለት ሕፃናት አለፉ ማለት ነው። አንዱ የንጉሥ ልጅ ነው፤ እናቱን እዚሁ አገር አፈር አልብሶ መሄዱ ነው። ሌላው ማንም የማያውቀው ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ይኑሩ ይሙቱ የሚነግረው አልነበረም። ሁለቱም በዙላ በኩል መርከብ ተሳፍረው ከአገራቸው ወጡ።

የሁለቱን ልጆች መንገድ እያስተያየን ብንመለከት ብዙ ነገር እንማራለን። ልዑል ዓለማየሁ ካፒቴን ስፒዲ በሚባል ሞግዚት እጅ ሆኖ እንግሊዝ አገር ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ አይተው አዘኑለት፤ የእንግሊዝ መንግሥት ቀለብ ቆረጠለት፤ የታላላቅ ሰዎች ልጆች በሚማሩበት በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት እንዲማር ተደረገ። የእናቱ እናት ከአገር ቤት ሆነው ልጅ ልጃቸውን ናፍቀው ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ነገር ግን ልጁ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1872 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሊድስ በተባለው ከተማ ሳለ በደረት በሽታ ታሞ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። አፅሙ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ። ኢትዮጵያውያን አፅሙ ለአገሩ አፈር እንዲበቃ ደጋግመው ቢጠይቁም፣ በ2015 ዓ.ም. የተሰጠው መልስ እንኳ አይሆንም የሚል ነበር። ለዚህ ልጅ ምግብ አልታጣለትም፤ ልብስም መምህርም ሐኪምም አልጎደለበትም። የጎደለው ወገን ነበር።

ሌላው ሕፃን ግን ሕንድ አገር ቀረ። ያሳዳጊው የኮሎኔል ቻምበርሌን ዕድሜ ብዙ አልሄደም፤ ልጁ ገና ሳያድግ ሞተ። ልጁም ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አልባ ሆነ። ያን ጊዜ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ተቀበለ። ልጁ ቻርልስ ማርቲን የተባለው ከነዚህ መኮንኖች ስም ነው። በፑንጃብ አገር በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገባ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ተመረቀ። ኋላም ስኮትላንድ ሄዶ የሕክምና ትምህርቱን አስፋፋ፤ በበርማም የመንግሥት ሐኪም ሆኖ አገለገለ። መቅደላ ላይ ተጥሎ የተገኘው ሕፃን ሐኪም ሆነ። ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እያልን እንቀጥላለን።

ሐኪሙ በዚያ ሩቅ አገር በደመወዝና በክብር መኖር ይችሉ ነበር። አማርኛውን ያጡት ገና አፋቸውን ሳይፈቱ ነው ማለት ይቻላል። የወላጆቻቸውን መልክ የሚያስታውሱበት ዕድሜም አልነበረም። ሆኖም ሐበሻ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን ኢትዮጵያ በዐድዋ ድል ስታደርግ፣ ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። በርማም ደረሰ። ሐኪሙም ልባቸው ወደ አገራቸው አዘነበለ። ፈቃድ ጠይቀው ጉዞ ጀመሩ፤ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብተው በዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ።

የዚያን ዘመን የአገራችንን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። በዘመናዊ ሕክምና የተማረ ኢትዮጵያዊ ሐኪም አልነበረም። ፈንጣጣ ሲገባ ድሀና ሀብታም አይለይም ነበር። ለምሳሌ በ1880 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ አርአያ ሥላሴ በእኛው ከተማ በመቀሌ በወጣትነታቸው ያረፉት በፈንጣጣ ነው። የንጉሠ ነገሥት ልጅ በአባቱ ከተማ ሳለ ካልዳነ፣ የባላገሩ ልጅ ምን ተስፋ ነበረው? ከአንድ ቤት ከተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ ይቀሩ ነበር፤ የዳኑትም ፊታቸው ተቦርቡሮ ወይም ዓይናቸው ጠፍቶ ይኖሩ ነበር። ያ በሽታ ከአገራችን ፈጽሞ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የመጨረሻው ሕመምተኛ በባሌ በኩል ከተገኘ በኋላ ነው። እንግዲህ ከኢትዮጵያ ተወልዶ በሕክምና የተማረ አንድ ሰው መምጣቱ በዚያ ጊዜ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሐኪሙ ሕመምተኞችን ማከም ሲጀምሩ፣ ከመቅደላ ተወስዶ የነበረ ልጅ ሐኪም ሆኖ ተመልሷል የሚል ወሬ ተነዛ። ይህን ወሬ ከሰሙት መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ። እኒህ አሮጊት የልጅ ልጃቸው በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ጠፍቶባቸው ሠላሳ ዓመት በላይ ሲያስቡት የኖሩ አያት ናቸው። መጥተውም ልጄ ነው አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በቃል ብቻ ማመን ያስቸግራል። አያቲቱ ግን ምልክት ነበራቸው፤ ሕፃኑ በክንዱና በእግሩ ላይ ጠባሳ እንደ ነበረው ያስታውሱ ነበር። ሲታይ እንደ ተናገሩት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙም እውነተኛ ስማቸው ወርቅነህ፣ አባታቸውም እሸቴ እንደሚባሉ ያወቁት በዚህ ጊዜ ነው። ሁለተኛው መዳን ይህ ነው።

በዚህ ስፍራ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ሕፃን ማንም መልኩን ሊያውቀው አይችልም ነበር። ድምፁ ተለውጧል፤ ልብሱ የፈረንጅ ነው፤ ቋንቋው ሌላ ነው፤ ስሙም ሌላ ነው። ያልተለወጠው ጠባሳው ብቻ ነው። ሕፃን ሳለ ያሳመመው፣ ያስለቀሰው ነገር፣ ኋላ ወገኖቹን ያገኘበት ምልክት ሆነ። መቅደላ የወደቀችው በፋሲካና በዳግም ትንሣኤ መካከል ባለው ሳምንት እንደ ሆነ ከዚህ በላይ ጠቅሰናል። በዳግም ትንሣኤ ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረን የሐዋርያው ቶማስን ነገር ነው። ቶማስ ጌታውን ያወቀው በችንካሩና በጦሩ ምልክት ነው። ጌታ ከሙታን ከተነሣ በኋላ ቁስሉን አልደበቀም፤ አሳየ እንጂ። ስለዚህ በሕፃንነቱ ታሞ ምልክት የቀረበት ከመካከላችን ቢኖር፣ የፈንጣጣም ይሁን የእሳት ወይም የጦርነት ጠባሳ፣ እንዲያፍርበት አይገባም። መትረፉን የሚመሰክርለት እሱ ነውና።

ሐኪም ወርቅነህ ወገናቸውን ካገኙ በኋላ ሥራቸውን አላቆሙም። በበርማ የነበረባቸውን አገልግሎት ለመፈጸም ተመልሰው ሄደዋል፤ በ1900 ዓ.ም. እንደገና መጥተው በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ሠርተዋል፤ የታመሙትን ዐፄ ምኒልክንም አክመዋል። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ጡረታ ወጥተው ጠቅልለው ገቡ። በሕፃንነታቸው ያጡትን ቋንቋ እንደገና ተምረው፣ ለተማሪዎች በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ። ወይዘሮ ቀፀላ ወርቅ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወልደዋል።

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው አገልግለዋል። ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች ተሰብስበው እንዲማሩም ብዙ ደክመዋል። ይህን ሥራቸውን ከሕፃንነታቸው ጋር አያይዘን ብናየው አንሳሳትም። ከእናቱ ተነጥሎ በሰው አገር ያደገ ሰው፣ ከእናቱ ተነጥሎ የተሸጠውን ልጅ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ እንዴት ይሆንለታል? ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ያቋቋሙና ለአውራጃው መልካም አስተዳደር የደከሙ ሰው ናቸው።

መከራ ግን አልተለያቸውም። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ሲወርር በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ይሟገቱ ነበር። ሁለት ልጆቻቸው፣ ብንያምና ዮሴፍ፣ እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠላት የተማሩትን ወጣቶች እየለቀመ ሲፈጅ፣ ሁለቱም ተገደሉ። ከወላጆቹ ተለይቶ የዳነው ሕፃን፣ በእርጅናው ልጆቹን ያጣ አባት ሆነ። የልጅን ናፍቆት አያታቸው እንዳወቁት እሳቸውም አወቁት። ጠላት ከተባረረ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በ1945 ዓ.ም. መስከረም ወር በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ።

ይህን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስናጠና በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን፣ እነዚያ መኮንኖች ልጁን አዳኑት እንጂ አልበደሉትም አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ልጁን ከወላጆቹ የለየው የእነሱ ጦር አይደለም ወይ? ወላጆቹንስ ሳይፈልጉ ባሕር ማሻገራቸው በደል አይደለም ወይ? ብለን ተከራከርን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ጦርነቱ በደል ነው፤ ሕፃኑን ካለበት ማንሣት ደግሞ ምሕረት ነው። ሕፃኑን አንሥቶ ወገኑን ሳይፈልጉ መውሰድ ግን ያልተፈጸመ ምሕረት ነው። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ብናስታውስ፣ ያ ሰው የቆሰለውን አክሞ መንገዱን አልቀጠለም፤ ማረፊያ ሰጠው፤ ተመልሶም እንደሚጠይቅ ተናገረ። ሙሴ ከውኃ በወጣ ጊዜም የፈርዖን ልጅ ባሳደገችው ወቅት እንኳ ያጠባችው የገዛ እናቱ ነበረች፤ ስለዚህ የማን ወገን መሆኑን አልረሳም። ለልዑል ዓለማየሁ የመጀመሪያው ምሕረት ተደርጎለታል፤ ሁለተኛው ግን አልተደረገለትም። ለወርቅነህ ሁለተኛው ምሕረት የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ እሱም ጠባሳ በማይረሱ አንዲት አሮጊት አማካይነት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለመቀሌ ወጣቶች የመጻሕፍት ወሬ ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ተለያይቷል፤ ከተማችን በየትምህርት ቤቱ ግቢ ተፈናቃዮችን ስታስጠልል አይተናል። ከነዚያ መካከል ያለ ወላጅ የመጡ ሕፃናትም ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ልጅ እንጀራ መቁረስ፣ ሲታመም ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ የመጀመሪያው መዳን ነው፤ በርትተን ልናደርገው ይገባናል። ነገር ግን በዚያ ብቻ አንቁም። ስሙን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የመጣበትን አገር፣ የሚያውቀውን የቤተ ክርስቲያን ስም፣ በሰውነቱ ላይ ያለውን ምልክት ሳይቀር ጠይቀን እንጻፍ፤ ለቀበሌው እናስታውቅ። የቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት ስላለው ወደዚያ እናመልክት። ሕፃን ዛሬ የሚያስታውሰውን ነገር ከዓመት በኋላ ይረሳዋል፤ የተጻፈ ግን ይቀራል።

ወጣቶች ሆይ፣ ሁላችንም ዛሬ በሕይወት ያለነው በሕፃንነታችን ሌሊት ሳይተኛ ያደረ ሰው ስለ ነበረን ነው። አንዳንዶቻችን ኩፍኝ፣ አንዳንዶቻችን ወባ፣ አንዳንዶቻችን ረኀብ አልፎናል። ሐኪም ወርቅነህ ብድራታቸውን የከፈሉት ላነሷቸው ሰዎች ብቻ ሳይሆን፣ እንደሳቸው ወድቀው ለነበሩት ሁሉ ነው። እኛም ያተረፈንን አምላክ የምናመሰግነው በእንዲህ ያለ ሥራ ይሁን። የጠፋውን ልጅ የምናነሣ ብቻ ሳንሆን፣ ወደ ቤቱ የምናደርስ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።